ሙዝ የሚሸተው ነጠላ

ሳጉሬ፣ መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለፅዮን ገብረ መድህን፣

ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ቅዝቃዜውስ እንዴት ይዞሻል? አዲሱ ዓመት ለአንቺም ለደጅሽም መልካም ይሁን፤ የመስቀሉ ጌታ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ። እኛ ከእኔ ጆሮ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። እሱ ድሮም ደህና ስላልነበረ እንደ አዲስ ወሬ አትቁጠሪው። አንቺ ደውለሽ ከሚስቴ ከአፀደ ጋር ስትሳሳቁ አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ እስቃለሁ፤ በምን እንደምስቅ ግን አላውቅም። ስልኩ ሲዘጋ ምን እንዳልሽ እጠይቃታለሁ፤ «ሰላም ብላሃለች» ትለኛለች። ያን ሁሉ ጊዜ ሰላም ብቻ ይባላል? ስለዚህ ለእኔ በወረቀት ጻፊልኝ። ዕድሜውን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የፈጀ ሰው ከወረቀት ሌላ የሚያምነው ነገር የለውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ንቦቼ እያለቁ ነው። ዙሪያው ሁሉ ስንዴ ሆኗል፤ ስንዴው ላይ ደግሞ መድኃኒት የማይረጭ የለም። ጠዋት አበባ ፍለጋ የወጣች ንብ ማታ አትመለስም። አንቺ ስትሄጂ ጓሮ የነበሩት ቀፎዎች ሁሉ ይጮኹ ነበር፤ ዘንድሮ ንብ ያለበት አንድ ብቻ ነው። እሱም የቀረው አፀደ በየማለዳው እየሄደች ስለምታናግረው ይመስለኛል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የምነሣበት ሌላ ምክንያት የለኝም። ይህን የምልሽ እንድታዝኚልኝ ሳይሆን ነገሩን እንድታውቂው ነው።

መንጋ የሚወጣበት ጊዜ አሁን ነው። ባዶዎቹን ቀፎዎች እንደ ወጉ በወይራ አጥኛለሁ፤ ውስጣቸውንም በጦስኝና በከሴ አሽቻለሁ። ድሮ ይህ ሽታ መንጋውን ከሩቅ ይጠራው ነበር። ዘንድሮ ዞር ብሎ ያየው የለም። አፀደ እንዳለችኝ አንቺ የምትሠሪው ሽታ የሚሠራበት ፋብሪካ ነው። ንብ የምትወደው ሽታ ካለ ላኪልኝ። ገንዘብ አልጠየቅኩሽም፤ ሽታ ነው የጠየቅኩሽ።

አፀደ በስልክ ያልጨረሰችውን ሰላምታ ልካልሻለች።

አጎትሽ እንደሻው


ሮተርዳም፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ እንደሻው፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእርስዎንም የእትዬ አፀደንም ጉልበት ከሩቅ እስማለሁ። ደብዳቤዎን ምሳ ሰዓት ላይ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ የፋብሪካው ሰዎች አዩኝ። «ከአጎቴ ነው፣ ሽታ ላኪ ይለኛል» ብላቸው እነሱም ሳቁ።

ሥራዬን አብራሪልኝ ባይሉኝም ላብራራልዎ። እኛ ዘንድ ለምግብና ለሽቶ የሚሆኑ ሽታዎች ይሠራሉ። እኔ ጠርሙስ ከሚሞሉት ነኝ። ውዬ የምሞላው ኢሶአሚል አሲቴት የሚባል ፈሳሽ ነው፤ የወገኑ ስም ኤስተር ይባላል። ኤስተር ማለት አልኮልና አሲድ ተጋብተው የሚወልዱት ነው። የዚህኛው እናት አረቄ ሲወጣ የሚተርፍ አልኮል ናት፤ አባቱ የኮምጣጤ አሲድ ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው አፍንጫ ይሰነፍጣሉ። አብረው ሲፈሉ ግን ልጃቸው ሙዝ ሙዝ ይሸታል፤ እንዲያውም ከሙዙ ከራሱ ይበልጣል። መልኩ ውሃ ይመስላል፤ ከውሃ ጋር ግን አይዋሃድም፣ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ክፍት ከተተወ ቶሎ ይተናል፣ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል።

የማይገባበት የለም። ልጅ ሳለሁ ከነስረዲን ሱቅ ይገዙልኝ የነበረው ቢጫ ከረሜላ ሙዝ ሙዝ የሚለው በዚህ ነው እንጂ ሙዝ በደጁም አላለፈም። ማስቲካ ውስጥ አለ፣ አይስክሬም ውስጥ አለ፣ ልጆች መራራውን መድኃኒት እንዲውጡ ሽሮፑ ውስጥ ይጨመራል። ቀለም ያቀጥናል፣ የጥፍር ቀለም ያስለቅቃል። ሽቶ ቀማሚዎችም ጠብታ ጠብታ ያደርጉበታል። ጭስ መከላከያ ጭንብል የሚፈተነውም በእሱ ነው፤ ጭንብሉን ያጠለቀው ሰው ሙዝ ከሸተተው ጭንብሉ ያስገባል ማለት ነው።

ንብ ትውደደው አትውደደው አላውቅም። ብቻ አበባና ፍሬ የምትወድ ፍጥረት ሙዝ ምን ብላ ትጠላለች ብዬ አሰብኩ። እዮኤል የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ለእህቱ ሠርግ አሰላ ስለሚመጣ፣ ለናሙና ከሚሰጡን አንድ ትንሽ ጠርሙስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእሱ ልኬያለሁ። ጥቂቱን ቀፎው ላይ ይሞክሩት። የቀረው የእትዬ አፀደ ነው፤ ከእኔ እጅ ሽቶ ደርሷት አያውቅም። ከእሳት ብቻ ያርቁት።

እኔው ይዤው ብመጣ ደስ ባለኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ስላላለቀ ከዚህ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም።

ልጅዎ ፅዮን


ሳጉሬ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፅዮን፣ እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው።

ጠርሙሱም ደብዳቤውም ደረሱ። ያ እዮኤል ጨዋ ልጅ ነው፤ ግባ ብንለው ሚኒባሱ እየጠበቀኝ ነው ብሎ ከበር ተመለሰ። ክዳኑን ስከፍተው ቤቱ የፍራፍሬ መደብር ሆነ። አፀደ አፍንጫዋን ነቅላ ልትሰጠው ምንም አልቀራት። «ይህን ለቀፎ አፈሳለሁ ካልክ ከዚህ ቤት ውጣ» አለችኝ። ስትቆጣ ከንፈሯ በግልጽ ስለሚነበብ አንድም ቃል አላመለጠኝም። በመጨረሻ እኩል ተካፍለን ታረቅን።

ባለፈው ለሚካኤል ሰፈሩ ሁሉ እንደ ልማዱ ቆሻሻ ሲያጥን ንቦቹ በጭሱ ተረብሸዋል። ስለዚህ ትንሽ እስኪረጋጉ እየጠበቅሁ ነው። ለኅዳር ጽዮን ጠዋት ባዶውን ቀፎ ቀብቼ ሙሉው ቀፎ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። አፀደም የራሷን ድርሻ የዚያኑ ዕለት ነጠላዋ ላይ ጠብ አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድበት አስባለች። «ሚስትህ በስተርጅና ከረሜላ ከረሜላ ሸተተች ቢሉህ ምን ትላለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይከተልሻል አልኳት። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

መንጋው ከገባልኝ ትልቅ ጠርሙስ ነው የምትልኪልኝ። ካልገባም ለእሷ ላኪላት።

ስልክ ሰሞኑን ጠፍቷል። ኔትወርክ የለም ይላሉ፤ ለእኔ ልዩነቱ አልታወቀኝም።

አጎትሽ እንደሻው


ሮተርዳም፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሰላምታዬን ሳላበዛ ልንገርዎ። ያንን ፈሳሽ ቀፎ አጠገብ አያድርሱት። ሰውም እንዳይነካው። ክዳኑን አጥብቀው ከቤት ርቆ ይቀበር።

ትናንት የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ከራሷ ቀፎ የቆረጠችውን ማር አምጥታ ለሁላችን አቀመሰችን። ደስ ብሎኝ የእርስዎን ነገር አነሣሁላት፤ ለቀፎ መጥሪያ ከጠርሙሳችን እንደላክሁ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ንብ ስትነድፍ ከመንደፊያዋ ሥር ሽታ ትለቃለች፣ የሽታው ዋናው ነገር ይኸው ኢሶአሚል አሲቴት ነው አለችኝ። ፋብሪካ ይሥራው ንብ ትሥራው ያው አንድ ነው። ሌሎቹ ሲሸታቸው ጠላት እዚህ አለ፣ እዚሁ ንደፉ ማለት ይሆንላቸዋል። እሷ ቀፎ ከመክፈቷ በፊት ሙዝ እንኳ አትበላም። እኔ መንጋ ይጥራልዎ ብዬ የላክሁት ክተት ነው፣ ጋሼ።

ከትናንት ጀምሮ እየደወልኩ ነው። የእትዬ አፀደ ስልክ አይሠራም፣ የነስረዲንም አይሠራም፣ አሰላም አይሠራም። ያቺ ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች፤ እዘጋለሁ፣ እንደገና እደውላለሁ። ይህ ወረቀት ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚደርስዎ አውቃለሁ። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ብቻ ነው የምጽፈው። እዮኤል ዘግይቶ ይሆናል፣ ጠርሙሱ ሻንጣው ውስጥ ተሰብሮ ይሆናል እያልኩ እጸልያለሁ። እንዲሰበር የጸለይኩለት ስጦታ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ፅዮን


ሳጉሬ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፅዮን፣

ጤናሽ ይብዛ። እኔ አለሁ። ልጽፍልሽ ተቀምጬ ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ።

ለኅዳር ጽዮን ጠዋት እንዳልኩሽ ቀፎውን ቀባሁ፣ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ልብሴን ቀየርኩ። አፀደ ተኳኩላ ወጣች። ወደ በሩ ለመሄድ በጓሮው በኩል ማለፍ አለ፣ ታውቂዋለሽ። ንቦቹ ከማለዳው ጀምሮ ደስ አላሉኝም ነበር፤ ቀፎው በር ላይ ይራወጡ ነበር። እሷ ግን እንደ ሁልጊዜዋ ልታናግራቸው ጠጋ አለች። ከዚያ በኋላ ያየሁት ነጠላዋ ጠቁሮ ነው። ነጭ ጨርቅ ንብ ሲለብስ አይተሽ አታውቂም። ጩኸቷን እኔ አልሰማሁም፤ አፏ ሲከፈት ነው ያየሁት። ጎረቤታችን አይሻ አጥሩን ጥሳ ገብታ «ገረ መና! ገረ መና! ወደ ቤት!» እያለች ብርድ ልብስ ጣለችባትና ጎትታ ቤት አስገባቻት። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ነበር። ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ነደፉኝ።

አሰላ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሞቹ ደግ ናቸው፤ እስትንፋሷ ተመለሰ። ፊቷ ግን የሰው ፊት አልነበረም።

አሁን የምነግርሽን እንዴት እንደምትወስጂው አላውቅም። ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነው፤ እኔ አልሰማም ብለው አጠገቤ ያወራሉ፣ እኔ ከንፈር አነባለሁ። ንብ ያሳደራትን ሰው በከንቱ አትነድፍም ይላሉ። ንብ የተደበቀ ነገር ታውቃለች፣ ቃሉን ያፈረሰ ሰው ታውቃለች ይላሉ። አባቴም ይህንኑ ይል ነበር። እኔን ትተው፣ በየማለዳው የምታናግራቸውን እሷን ለምን? ሌት ተቀን ይህንን ሳስብ ከረምኩ። አንድ ቀን አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ «አፀደ፣ ደብቀሽኝ የኖርሽው ነገር አለ?» አልኳት።

ዓይኖቿ አብጠው ተከድነው ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስትድን ወንድሟ ይርሳው መጥቶ ጎበሳ ወዳለው ቤቱ ወሰዳት። ቤቷን እንኳ አልረገጠችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ስንት መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ለራሴ አልጠቀመኝም።

ለቁስሏ የሚሆን ቅባት ካለ ላኪ። በይርሳው በኩል አደርስላታለሁ። ትልቁን ጠርሙስ ተይው።

አጎትሽ


ሮተርዳም፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ እንደሻው፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። እንደምን ሆነው ይሆን ብዬ ለመጠየቅ እንኳ አፍራለሁ።

በኅዳር የጻፍኩት ደብዳቤ ገና አልደረሰዎትም ማለት ነው። ያደረሰባት ሽታው ነው። እኔ የላክሁት ሽታ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ንቦቹ በእርስዎ ያልበረቱት እጅዎን ስለታጠቡ ነው፤ እሷ ደግሞ ነጠላዋ ላይ ነበረ። ንብ የተደበቀ ነገር አታውቅም። የምታውቀው ሽታ ብቻ ነው።

የገና ሰሞን ኔትወርኩ እንደተመለሰ ለነስረዲን ደውዬ የደረሰባትን ሰማሁ፤ የሽታውንም ነገር እንዲነግርዎ ላክሁት። ሱቁን ዘግቶ ቤትዎ ድረስ እንደመጣ፣ ጆሮዎ ሥር እንደጮኸልዎ ነግሮኛል። እርስዎ ምን እንዳሉትም ነግሮኛል። «ሴቶች ይሸፋፈናሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር እውነት ከሆነ ትጽፈው ነበር» አሉት። ነስረዲን ከአፍዎ እንደወጣ ነው ያደረሰልኝ፤ ምን ላድርግ ብሎም ጠየቀኝ። እንደገና ሂድልኝ አልኩት።

ለእትዬ አፀደም ደውያለሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳትና ይቅርታ ለመንኳት። «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ለሽቶ ብለሽ ነው» አለችኝ። ስለ እርስዎ ሳነሣባት «ነስረዲን ነግሮታል አይደል?» አለችኝ። ነግሮታል አልኳት። «እንግዲያው ያውቃል» ብላ ስለ ይርሳው ልጆች ታወራኝ ጀመር።

ጋሼ፣ እየጠበቀችዎት ነው። አልነገረችኝም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። እባክዎ ወረቀት አይጠብቁ፤ ይህንንም ወረቀት ቢሆን። ነስረዲን በነገረዎት ቃል ብቻ ተነሥተው ይሂዱ። ይህን በወረቀት መጻፌ ሞኝነት እንደሆነ ይገባኛል። ነስረዲንን እንደገና ልኬብዎት አልከፍትም እንዳሉት ሰምቻለሁ። ከዚህ ሆኜ በርዎን ማንኳኳት አልችልም።

ቅባቱን ለራሷ በሌላ ሰው ልኬላታለሁ።

ፅዮን


ሳጉሬ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፅዮን፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ነስረዲን አሰላ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ከፖስታ ቤት አብሮ ይዟቸው መጣ። እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ምንም ሳይለኝ ወጣ። ተቀይሞኛል፤ እውነት አለው።

የኅዳሩን ደጋግሜ አነበብኩት። የኃላፊሽን ማር፣ ማንኪያዋን፣ ንቧ ከመንደፊያዋ ሥር የምትለቀውን፣ ሁሉንም። እንዲህ የጠራ ቃል በሥራ ዘመኔ ከአንድም ምስክር አልሰማሁም። ደስ አለኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ሚስቴ ንጹሕ ናት ብዬ ደስ አለኝ። የጥሩን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀት አይጠብቁ የሚለው ቦታ ስደርስ ደስታዬ ቆመ።

ሌላም ወሬ አለኝ። ያ ባዶ ቀፎ ባለፈው ወር መንጋ ገባበት። ሽታሽ ተንኖ ካለቀ በኋላ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ትንሽ ጠብ እንዳለ ራሳቸው መጡ። አሁን ሁለት ቀፎ ንብ አለኝ። እሷ እንደምታደርገው ጠዋት ጠዋት እወጣለሁ፤ ምን እንደምትላቸው ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ቆሜ ቆሜ እገባለሁ።

ደብዳቤዎችሽ በደረሱኝ በነጋታው ወደ ጎበሳ ሄድኩ። ሁለቱንም ደብዳቤዎች በኪሴ ይዤ ነበር። ይርሳው እጄን ጨብጦ አስገባኝ፤ ከዚያ ከብት ላይ ነኝ ብሎ ወጣልን። አፀደ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ፊቷ ተመልሷል። የግራ ዓይኗ ቆብ ብቻ ትንሽ ወረድ ብሏል፤ ሐኪሙ እንዲሁ ይቀራል ብሏታል። ከስታለች። ደህና ነሽ አልኳት፣ ደህና ነኝ አለችኝ፣ በርጩማ አቀረበችልኝ።

የኅዳሩን ደብዳቤሽን አውጥቼ አነበብኩላት። ፍርድ ቤት እንደማነበው ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከቀኑ ጀምሬ እስከ ስምሽ ድረስ። አላቋረጠችኝም። ምስሩን ከወዲህ ወዲያ እየገፋች ሰማችኝ። ስጨርስ ወረቀቱን አጥፌ «ይኸው፣ ሽታው ነው፤ አንቺ ምንም የለብሽም፣ ተነሺ ወደ ቤታችን እንሂድ» አልኳት።

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። ከንፈሯን በደንብ እንዳይ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ አዞረች። አልሰማሁም እንዳልል ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ነው የተናገረችው።

«ደብዳቤው ባይመጣ ኖሮስ?»

አልተቆጣችም። ስትቆጣ አውቃታለሁ፣ ያ ቁጣ አልነበረም። እውነቷን ነው የጠየቀችኝ፤ መልሱን ልትሰማ ጠበቀች። ነስረዲን ነግሮኝ ነበር ልበል? አላመንኩትም። መንገድ ልጀምር ነበር ልበል? አልነበርኩም። ደብዳቤውን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። እሷም ሰፌዷን አነሣች።

የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ተነሣሁ። በር ድረስ ሸኘችኝ፤ በሰላም ግባ አለችኝ።

ከአሁን በኋላ ሽታም ቅባትም አልጠይቅሽም። ልጄ፣ አንቺ ጽሑፍ ታውቂያለሽ፣ እሷንም ታውቂያታለሽ። ለዚህ ጥያቄዋ የሚሆን መልስ ካለሽ እሱን ላኪልኝ።

አጎትሽ እንደሻው